ሥራው የት ጋ ነው የሚቆመው? ትንሽ የፕሮግራመሮች ቡድን በሁለት ሳምንት ራሱን የሚያጠናበት መመሪያ

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሰባት ሆነን ለቁጠባና ብድር ማኅበራት የሚሆን ሲስተም እንሠራለን። አምና አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አለቃችን ገብተው «ይኼ ነገር ለምንድን ነው ሁሌ የሚዘገየው?» አሉ። ሰባት ሰው፣ ሰባት መልስ። አንዱ መብራት ነው አለ፤ ሌላዋ ደንበኛው በየቀኑ ሐሳቡን ይቀያይራል አለች፤ አንዱ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን አየ። እኔ «ሰው አንሶን ነው» አልኩ። አለቃችን ግን መልሱን ይዘው ነበር የመጡት፦ በየአምስት ደቂቃው የስክሪን ፎቶ የሚያነሳ ፕሮግራም በየላፕቶፑ ይጫን።

«ሁለት ሳምንት ይስጡኝ» አልኳቸው። ሰጡኝ።

ከዚህ በታች ያለው በነዚያ ሁለት ሳምንታት የሠራሁት፣ ያበላሸሁትና ዛሬ ብደግመው የማስተካክለው ነው። ከአራት እስከ አሥራ አምስት ሰው ላለው ቡድን ይሆናል። ደብተር፣ ቴሌግራምና ጊት (ኮዱ ላይ የተደረገን ለውጥ ሁሉ መዝግቦ የሚይዘው ፕሮግራም) ካላችሁ ሌላ የሚገዛ ነገር የለም።

1. ጥያቄውን አጥብቡ

«ሰነፉ ማን ነው?» ብላችሁ ከጀመራችሁ ጥናቱ ገና ሳይጀመር አለቀለት። ሰው እንደተጠረጠረ ካወቀ የሚያሳያችሁ ሥራውን ሳይሆን ትወናውን ነው።

ሰውን ከሰው ማወዳደር በዚህ ሙያ የቆየ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ሳክማን፣ ኤሪክሰንና ግራንት የተባሉ ተመራማሪዎች 12 ልምድ ያላቸው ፕሮግራመሮችን ይዘው አንድ ነገር ሊያጣሩ ተነሱ፦ ከኮምፒውተሩ ጋር በቀጥታ እየተነጋገሩ ባግ (የኮድ ስህተት) መፈለግ ይሻላል ወይስ ፕሮግራሙን አስረክቦ ውጤቱን መጠበቅ? ከጥናቱ ሰው አፍ ላይ የቀረው ግን ሌላ ነገር ነው። ባግ በማውጣት ላይ በፈጣኑና በዘገምተኛው መካከል የታየው 28 እጥፍ ልዩነት። ከ12 ሰው ጫፍና ጫፉ ተወስዶ የተገኘ ቁጥር መሆኑ ተረስቶ፣ እስከ ዛሬ «አንድ ጎበዝ አሥር ሰው ያህላል» እየተባለ ይወራል። ቀጣሪዎች ያን ጎበዝ ሲፈልጉ ይከርማሉ፤ የቢሯቸውን ችግር ዞር ብለው አያዩም።

እኔ የያዝኩት ጥያቄ ይኼ ነበር፦ *አንድ ታስክ ከተጀመረ ጀምሮ ደንበኛው እጅ እስኪገባ ድረስ የት የት ላይ ቆሞ ይጠብቃል?* ልብ በሉ፣ የሚጠየቀው ታስኩ ነው፤ ሰውየው አይደለም። ጥያቄያችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ደብተሩ ሽፋን ላይ ለጥፉት። በሁለተኛው ሳምንት መንገድ መሳታችሁ አይቀርም፣ ያኔ ይመልሳችኋል።

2. «እሺ» ፈቃድ አይደለም

እኛ ሀገር አለቃ ባለበት «ፈቃደኛ ናችሁ?» ተብሎ ከተጠየቀ መልሱ ያው «እሺ» ነው። ልቡ እምቢ ያለ ሰው እንኳ እሺ ይላል። ስለዚህ በስብሰባ ላይ አትጠይቁ። እኔ የጻፍኩት ይኼን ነው፦

«ሰላም ልጆች። ከሰኞ ጀምሮ ለሁለት ሳምንት ሥራችን የት የት እንደሚቆም አጠናለሁ። ሰው አልለካም። የማንም ስም ደብተሬ ውስጥ አይገባም፣ አለቃ ጥሬውን አያዩትም፣ ሲያልቅ ፊታችሁ አጠፋዋለሁ። መግባት የማይፈልግ በኢንቦክስ 'አልገባም' ይበለኝ፤ ለምን ብዬ አልጠይቅም።»

አንድ ሰው አልገባም አለኝ። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ሌላ ሰው አያውቅም። «አልገባም» የሚል ሰው ከተገኘ ደስ ይበላችሁ፤ የሌሎቹ እሺ እውነተኛ እሺ መሆኑን የምታውቁት በሱ ነው።

ስም አለመጻፍ ብቻውን እንደማይበቃ ግን ዘግይቼ ነው የገባኝ። ሰባት ሰው ባለበት ቢሮ ውስጥ «የአንድሮይዱን ክፍል የሚሠራው ሰው» ማለት ስሙን ከመጥራት አይለይም። ውጤቱን በሥራ ድርሻ ወይም በጾታ አትከፋፍሉት። የቡድኑን ድምር ብቻ አሳዩ።

ከአለቃ ጋርም ቃሉን በጽሑፍ ተዋዋሉ፤ አጭር ኢሜይል ይበቃል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ ዓላማውን አስታውቆ፣ ከዓላማው ሳይወጣ መያዝ ይጠበቅበታል። እኔ አዋጁን ጠቅሼ አለቃችንን ሳነጋግራቸው የስክሪን ፎቶው ጉዳይ ወዲያው ቀዘቀዘ።

3. ጊት ከሚያውቀው ጀምሩ

ማንንም ሳታስቸግሩ የምታገኙት ዳታ አስቀድሞ አለ። መርጅ ከተደረጉት፣ ማለትም ከዋናው ኮድ ጋር ከተቀላቀሉት፣ ሥራዎች የመጨረሻዎቹን 30 ያህል ውሰዱና ለእያንዳንዱ አምስት ሰዓት ጻፉ፦ የመጀመሪያው ኮሚት (ጊት ውስጥ የተመዘገበ ለውጥ)፣ ሪቪው (ሌላ ሰው ኮዱን እንዲያይ) የተጠየቀበት፣ የመጀመሪያው አስተያየት የተሰጠበት፣ መርጅ የሆነበት፣ ሰርቨር ላይ የወጣበት። በኤክሴል ግማሽ ቀን ይፈጃል።

እዚህ ጋ ሁለት ወጥመድ አለ።

አንደኛው፣ ጊት ለእያንዳንዱ ኮሚት ሁለት ሰዓት ይይዛል፤ ኮዱ መጀመሪያ የተጻፈበትንና ኮሚቱ መጨረሻ ላይ የተቀመጠበትን። ሪቤዝ ወይም አሜንድ ስታደርጉ፣ ማለትም ያለፈውን ኮሚት እንደገና ስታስተካክሉ፣ የመጀመሪያው እንዳለ ይቆያል፣ ሁለተኛው ይቀየራል። ዝም ብላችሁ ጊት ሎግ (የኮሚቶቹን ዝርዝር) ስትሉ የሚታያችሁ የመጀመሪያው ነው። ፑሽ የተደረገበት፣ ማለትም ኮሚቱ ከላፕቶፑ ወደ ጋራው ሰርቨር የተላከበት፣ ሰዓት ደግሞ ኮሚቱ ውስጥ ጭራሽ የለም፤ ኮዱ ኢንተርኔት ላይ ከሚቀመጥበት ከጊትሃብ ወይም ከጊትላብ ነው የሚገኘው። ኔትወርክ በየሰዓቱ በሚሄድበት ከተማ ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። ልጁ ጠዋት ጨርሶ ኮሚት ያደርጋል፣ ፑሽ የሚያደርገው ማታ ነው። አንዱን ከሌላው ጋር ካምታታችሁ፣ የኮኔክሽን ጥበቃው በሪቪው አድራጊው ስም ይመዘገባል።

ሁለተኛው ወጥመድ የሰዓት አቆጣጠራችን ነው። ሰው በደብተሩ «3:10» ብሎ ይጽፋል፣ ጊት 09:10 ይላል። እኔ የመጀመሪያውን ቀን ዳታ አገናኝቼ ስጨርስ ሁሉም ሰው ኮድ የጻፈው ቁርሱን ሳይበላ ሆኖ አገኘሁት። የትኛውን እንደምትጠቀሙ ከመጀመሪያው ወስኑና የደብተሩ አናት ላይ ጻፉ። ደብተሩን በሀበሻ ሰዓት ማስያዝ ይሻላል፣ ሰው የለመደውን ሲጽፍ አይሳሳትም፤ ስድስት ሰዓት መጨመሩን ለኤክሴል ተዉለት።

ሰዓቶቹን ስታጠቃልሉ አማካይ አትጠቀሙ። ለምሳሌ ሰባት ሥራዎች ሪቪው ለማግኘት 2፣ 3፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6 እና 90 ሰዓት ጠበቁ እንበል። አማካዩ 16 ሰዓት ይመጣል፤ ከሰባቱ አንዱም እንኳ 16 ሰዓት አልጠበቀም። በቅደም ተከተል ደርድራችሁ መካከለኛውን ውሰዱ፣ 4 ነው። ባለ90ውን ለብቻው አውጥታችሁ ምን እንደነካው ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ታሪኩ ያለው እሱ ጋ ነው።

ኮሚት መቁጠር፣ መስመር መቁጠር? ተዉት። ኮሚት እንደሚቆጠር የሰማ ሰው አንዱን ኮሚት አምስት አድርጎ ይቆርሰዋል፤ እኔም ብሆን አደርገዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 ኒኮል ፎርስግሬንና ባልደረቦቿ ስፔስ ብለው ያወጡት ማዕቀፍ ዋና ነገሩ ይኸው ነው፦ የፕሮግራመር ምርታማነት በአንድ ቁጥር አይያዝም፤ የሰውየው እርካታ፣ የሥራው ውጤት፣ እንቅስቃሴው፣ ከሌሎች ጋር ያለው ግንኙነትና ሳይቋረጥ የመሥራት ዕድሉ አንድ ላይ ሲታዩ ነው ትርጉም የሚሰጡት።

4. ቦት ሠርታችሁ አሁን ምን ላይ እንዳሉ ጠይቁ

ቴሌግራም ላይ ቦት፣ ማለትም ራሱ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም፣ በቦትፋዘር (የቴሌግራም ቦት መክፈቻ) መክፈት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ቦቱ በቀን አራት ጊዜ፣ ባልታወቀ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ ሰው «አሁን ምን ላይ ነህ?» ወይም «ነሽ?» ይላል። የሚጫኑት ምርጫ ስድስት ብቻ ነው፦ እየጻፍኩ፣ እያነበብኩ ወይም ባግ እየፈለግኩ፣ የሰው መልስ እየጠበቅኩ፣ መብራት ወይም ኔት እየጠበቅኩ፣ ስብሰባ ወይም ስልክ፣ ሌላ።

ሰዓቱ ያልታወቀ መሆን አለበት። በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ከጠየቃችሁ የምታውቁት አራት ሰዓት ላይ የሚሆነውን ብቻ ነው፤ እኛ ቢሮ ደግሞ አራት ሰዓት የማኪያቶ ሰዓት ነው። በዘፈቀደ ከጠየቃችሁ ግን የመልሶቹ ድርሻ ወደ ጊዜው ድርሻ ይጠጋል። ከ200 መልስ 50ው «የሰው መልስ እየጠበቅኩ» ከሆነ፣ ከሥራ ጊዜው ሩብ ያህሉ ጥበቃ ነው ማለት ነው፤ ስህተቱ ግራና ቀኝ 6 ከመቶ ገደማ፣ አንድ ሰው ደጋግሞ ስለሚመልስ ደግሞ ትንሽ ሰፋ አድርጋችሁ ያዙት። ስለዚህ 25ና 28 ከመቶ ላይ አትከራከሩ።

መብራት ሲጠፋ ዋይፋይም አብሮ ስለሚሄድ የቦቱ ጥያቄ አይደርስም። ያ ማለት ትልቁን ጥበቃ የምትለኩበት መሣሪያ ራሱ በዚያው ሰዓት ይሞታል። እኛ ያንን በወረቀት ያዝነው፤ በሩ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፈን መብራት የሄደበትንና የመጣበትን ሰዓት ቀድሞ ያየ ሰው ይጽፋል።

5. ጎን ተቀምጣችሁ እዩ

ከመመሪያው አንድ እርምጃ ብቻ ለመሥራት ጊዜ ካላችሁ፣ ይኼኛውን ሥሩ።

እ.ኤ.አ. በ2007 አንድሪው ኮ፣ ሮበርት ዴላይንና ጂና ቬኖሊያ ማይክሮሶፍት ውስጥ 17 ፕሮግራመሮችን ሥራቸው ላይ እያሉ ተመልክተው አንድ ነገር ቆጠሩ፦ ምን መረጃ ይፈልጋሉ፣ ከየት ያገኙታል? 21 ዓይነት ጥያቄ አገኙ። ብዙውን ጊዜ መልሱ የሚገኘው ከሥራ ባልደረባ ነበር። ሰው መልስ አጥቶ ለሌላ ጊዜ ከሚያሳድራቸው ዋና ዋና ጥያቄዎች አንዱ ደግሞ «ይኼ ኮድ ለምን እንዲህ ተጻፈ?» የሚለው ዓይነት ነው። መልሱን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ይሆንና እሱም አይገኝም።

ማይክሮሶፍት ብቻ ሳይሆን የኛ ፒያሳም ያው ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ከአንድ ሰው ጎን ትንሽ ወደኋላ ብላችሁ ሁለት ሰዓት ተቀመጡ። ላፕቶፕ አትክፈቱ፤ ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ። ሰዓቱን በግራ፣ ያያችሁትን በቀኝ። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ጻፉት ግን አትቁጠሩት፤ የሚታይ ሰው እንግዳ ፊት እንደተቀመጠ ልጅ ነው፣ ስልኩን አይነካም፣ ቀና ብሎ ይቀመጣል። ከዚያ ይረሳችኋል። መሐል ላይ «ለምን እንዲህ አደረግክ?» አትበሉ፤ ኮከብ አድርጉበትና በኋላ ጠይቁ።

ከደብተሬ አንድ ገጽ፣ ባለቤቱን አስፈቅጄ፦

3:10 የብድር ወለድ ታስኩን ከፈተ።
3:14 የዘመን መቀየሪያው ፋይል። ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች።
3:21 «ይኼ 3 ደግሞ ምንድን ነው?» (ለራሱ)
3:26 ጊት ብሌም (መስመሩን ማን እንደጻፈው ያሳያል)። ኮሚቱ «ፊክስ» (ማስተካከያ) ይላል፣ ሌላ ቃል የለም።
3:31 ጎግል።
3:37 3ቱን አጥፍቶ 0 ጻፈ። አየው። መለሰው። ★
3:40 ወንበሩን አዞረ። ጋሼ የሉም። በቴሌግራም ጻፈላቸው። አንድ ቲክ።
3:43 ሌላ ታስክ ከፈተ።
8:50 መልስ መጣ።

ከ3:14 እስከ 3:43 ይኼ ልጅ ኪቦርዱን የነካው ሦስት አራት ጊዜ ነው። የአለቃችን የስክሪን ፎቶ ፕሮግራም ቢኖር ኖሮ «ሥራ ፈት» ብሎ ይመዘግበው ነበር። እኔ ጎኑ ተቀምጬ ያየሁት ግን የዚያን ሳምንት ከባዱን ሥራ ነው። ነገሩ የጳጉሜን ጉዳይ ነበር። ጳጉሜን 6 የምትሆነው ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 3 ሲሆን ነው፤ 2015 ለዚህ ነው ጳጉሜን 6 የነበረው፣ ዘመነ ሉቃስ። ልጁ የሚያውቀው የፈረንጁን ሕግ ነው፣ ያኛው ደግሞ ቀሪው 0 እንዲሆን ይፈልጋል። 3ቱ ስህተት መስሎት ሊያርመው ሁለት ሴኮንድ ቀርቶት ነበር። አርሞት ቢሆን የብድር ወለዱ በአንድ ቀን ይዛነፍ ነበር፤ ችግሩም የሚታየው ጳጉሜን ሲመጣ ነው።

ኮዱን የጻፉት ጋሼ ናቸው፣ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንጠራቸው። የዚያን ቀን አዲስ አበባ ለስብሰባ ሄደው ስልካቸውን ዘግተዋል። አንድ መስመር ማስታወሻ ቢኖር የሚያልቅ ነገር ከአምስት ሰዓት በላይ ቆመ።

ስለዚህ ስትመለከቱ ዝም ብሎ ስክሪን ላይ ማፍጠጥን እንደ ሥራ ቁጠሩት። ሺን ሺያና ባልደረቦቹ 78 ፕሮግራመሮችን ከ3,000 በሚበልጥ የሥራ ሰዓት ተከታትለው ከጊዜው 58 ከመቶ ያህሉ ኮዱን ለመረዳት እንደሚውል ነው ያገኙት። ጊት ብሌም ደግሞ ስሙ ለወቀሳ የወጣ ቢመስልም እውነተኛ ጥቅሙ ማንን እንደምንጠይቅ ማሳየት ነው። የምንጠይቀው ሰው ካለ።

አራት ሰው፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሰዓት። ከዚያ በኋላ ተመሳሳይ ነገር ማየት ትጀምራላችሁ፤ ያኔ አቁሙ።

6. ጠይቁ፣ ግን «ብዙ ጊዜ» የሚለውን ቃል አትጠቀሙ

«ብዙ ጊዜ ምን ያስቸግርሃል?» ስትሉት ሰው ያነበበውን ወይም ትናንት ያናደደውን ይነግራችኋል። «ትናንት ከምሳ በኋላ ስታክ ያደረገህ ምን ነበር? ከዚያስ ምን አደረግክ?» በሉት። ቡና እየተፈላ ከሆነ ይበልጥ ጥሩ ነው፤ በአቦል ላይ ያልተነገረ ነገር በበረካ ይወጣል።

የሰውን ግምት ብቻ አምኖ መሣሪያ መግዛት ምን ያህል እንደሚያሳስት አንድ ጥሩ ማሳያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2025 ሜትር የተባለ የምርምር ድርጅት 16 ልምድ ያላቸው የኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮግራመሮችን በራሳቸው ፕሮጀክት ላይ 246 ሥራዎች አሠራቸው፤ ግማሹን ያህል በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አጋዥ፣ ግማሹን ያለ አጋዥ፣ የትኛው እንደሚሆን በዕጣ። ከመጀመራቸው በፊት 24 ከመቶ ያፈጥነናል አሉ። ከጨረሱም በኋላ 20 ከመቶ አፍጥኖናል አሉ። ሰዓቱ ሲታይ 19 ከመቶ ዘግይተዋል።

ይኼ መሣሪያው አይረባም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣ ሌላ ሙከራ ኮፓይለት የተባለው የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አጋዥ የተሰጣቸው ፕሮግራመሮች አንድ የጃቫስክሪፕት ሰርቨር ከባዶ ሲጽፉ ሥራውን በ55.8 ከመቶ ባነሰ ጊዜ ጨርሰዋል። አዲስ ነገር ከባዶ መጻፍና ለዓመታት የምታውቁትን ኮድ መንካት ሁለት የተለያየ ሥራ ነው። የእናንተ ሥራ የትኛው እንደሆነ ደግሞ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ቃለ መጠይቁን ከቦቱና ከደብተሩ ጎን አስቀምጡ። እኛ ቢሮ ሁሉም በአፉ ያለው መብራት ነበር። በሩ ላይ ያለው ወረቀትና ቦቱ አንድ ላይ ሲታዩ ግን መብራት ሦስተኛ ወጣ። አንደኛው የሰው መልስ ጥበቃ ነው፤ እሱም አብዛኛው ጋሼን ጥበቃ። ሁለተኛው ሪቪው። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ያያል፣ ያማርራል፣ ይረግማል። መልስ የሚጠብቅ ሰው ግን ሌላ ታስክ ከፍቶ ዝም ይላል፤ ሥራ የያዘ ይመስላል።

እኔም «ሰው አንሶን ነው» ያልኩት ወደቀ። አዲስ ሰው ቢጨመር ጋሼን የሚጠይቅ አንድ አፍ ነው የሚጨመረው።

7. መሣሪያውን ለችግሩ ምረጡ

ያገኛችሁትን በትንንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፣ ተመሳሳዩን አንድ ላይ አድርጉ፣ ትልቁን ክምር ምረጡ። አንድ ብቻ።

*ዕውቀት አንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ከሆነ፦* ውድ ዊኪ አትግዙ፣ የሚጽፍበት ሰው አታገኙም። እኛ ሁለት ደንብ አወጣን። «ፊክስ» ብቻ የሚል ኮሚት መርጅ አይደረግም፤ ምን እንደተቀየረ ኮዱ ራሱ ስለሚናገር፣ ኮሚቱ *ለምን* እንደተቀየረ ይናገር። ሁለተኛው፣ ለጋሼ የሚቀርብ ጥያቄ በኢንቦክስ ሳይሆን በግሩፑ ውስጥ ይሁን፤ እሳቸው ሲመልሱ ጠያቂው መልሱን ገልብጦ ኮዱ ጎን ያስቀምጣል። የሚጽፈው ጠያቂው ነው፣ ጋሼ አይደሉም። ይኼ ነጥብ ነው ደንቡን ያኖረው፤ መጀመሪያ እሳቸው ይጻፉ ብለን አንድ ሳምንት አልቆየም።

*ሪቪው ከሆነ፦* ሰው የሚፈራው ርዝመቱን ነው። ቆርሳችሁ ላኩ፣ በቀን ሁለት ቋሚ የሪቪው ሰዓት ይኑራችሁ፤ የኛ ልክ ከማኪያቶ በኋላና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

*መቋረጥ ከሆነ፦* ማኑዌላ ዙገርና ባልደረቦቿ ፍሎውላይት የሚባል ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ መብራት ሠርተው፣ ሰውየው ሥራ ውስጥ ሲገባ ቀይ፣ ሲለቅ አረንጓዴ እንዲሆን አደረጉ። በ12 ሀገሮች 449 ሠራተኞች ሞከሩትና መቋረጥ በ46 ከመቶ ቀነሰ። የኛው ስሪት የለስላሳ ቆርኪ ነው፤ ላፕቶፑ ላይ ቀይ ቆርኪ ካለ ሰው አያናግርህም። ቀኑን ሙሉ ቀይ ማስቀመጥ ግን ክልክል ነው፤ ሁለት ሰዓት ይበቃል።

ስለ መቋረጥ ሌላም አለ። ክሪስ ፓርኒንና ስፔንሰር ሩጋበር ከ86 ፕሮግራመሮች የተቀዱ 10,000 የሥራ ጊዜያትን መርምረው፣ ተቋርጦ የተመለሰ ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ መልሶ ኮድ መጻፍ የሚጀምረው ከአሥር አንድ ጊዜ ብቻ እንደሆነ አይተዋል። የት እንደነበረ ፈልጎ ማግኘት አለበት። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ባትሪ አለው፤ ያቺን ጊዜ ተጠቅማችሁ ኮዱ መሐል አንድ መስመር ጻፉ፦ «ቀጥሎ የማደርገው ይኼ ነው»። እንዲያውም ኮምፓይል እንዳይሆን (ኮምፒውተሩ ስህተት ብሎ እንዲያቆመው) አድርጋችሁ ጻፉት፣ ስትመለሱ ቀይ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

*ኔትወርክ ከሆነ፦* ዜል ወይም ዴቭዶክስ በሚባሉት ላይ ዶክመንቴሽኑን (የፕሮግራሚንግ መመሪያዎቹን) አውርዳችሁ ያለ ኢንተርኔት አንብቡ። ኖድ (የጃቫስክሪፕት ማስኬጃ) የምትጠቀሙ ከሆነ ቨርዳቾ የሚባለው ፕሮግራም አንድ ጊዜ የወረደን ፓኬጅ (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ) ቢሮ ውስጥ ያስቀምጥላችኋል፤ ሰባት ሰው አንዱን ፓኬጅ ሰባት ጊዜ አያወርድም።

የራሱን ቀን ማየት ለሚፈልግ ሰው ላፕቶፑ ላይ ጊዜው የት እንደዋለ የሚመዘግብ አክቲቪቲዋች አለ፤ ነጻ ነው፣ ዳታውም ከላፕቶፑ አይወጣም። ለራሳችሁ ተጠቀሙበት። አለቃ ሲያየው ግን የስክሪን ፎቶው ታናሽ ወንድም ይሆናል።

8. እንደገና ለኩ

ከስድስት ሳምንት በኋላ ሦስተኛውንና አራተኛውን እርምጃ ድገሙ። በመሐል አንድ ነገር ብቻ ነው የሚቀየረው፤ ቆርኪውንም፣ ደንቡንም፣ ቨርዳቾንም በአንድ ሳምንት ካስገባችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

ሳምንቱን ምረጡ። የፊቼ ጫምባላላ ሳምንት ሐዋሳ ውስጥ ሥራ መለካት ዘበት ነው፤ ቀኑ ደግሞ በኮከብ ቆጣሪ አባቶች ስለሚወሰን ቀደም ብሎ ካላንደር ላይ አይገኝም፣ ጠይቁ። ታኅሣሥ 19 ለገብርኤል ከተማው ሰው በሰው ይሆናል። የጾም ሳምንት ከፍስክ ሳምንት ጋር አይወዳደርም፤ ምሳ የሚበላበት ሰዓት ራሱ ይለያያል። በሰኔ ደግሞ የበጀት መዝጊያ ነው፣ ደንበኞቻችን ሁሉ በአንዴ ነው የሚደውሉት።

ቁጥሩ ካልተለወጠ ለአለቃችሁ እንዳልተለወጠ ንገሩ። የኛ የሪቪው ሰዓት በመጀመሪያው ዙር ፈቀቅ አላለም። የተለወጠው «የሰው መልስ እየጠበቅኩ» የሚለው ምርጫ ነው፤ ጋሼም ለመጀመሪያ ጊዜ ስልካቸውን ዘግተው ዓመት ፈቃድ ወጡ።

9. አጥፉት

ቃል የገባችሁትን ቀን አታሳልፉ። ሁሉም ባለበት ኤክሴሉን፣ የቦቱን መልሶችና የደብተሩን ገጾች አጥፉ። የሚቀረው ስም የሌለበት የአንድ ገጽ ማጠቃለያ ነው። እኔ ገጾቹን የቀደድኩት ቡና የሚፈላበት ከሰል አጠገብ ነው፤ የጳጉሜኗን ገጽ ብቻ ባለቤቷ ስጠኝ ብሎ ወሰዳት።

ቦቱንም ማቆም አትርሱ። እኔ ረስቼው እሁድ ጠዋት ቅዳሴ ላይ የስድስት ሰው ስልክ አንድ ላይ ጮኸ፦ «አሁን ምን ላይ ነህ?» አምስቱ ዝም አሉ። አንዱ «ሌላ» የሚለውን ተጭኖ መልሶልኛል።